ፊቴን ተወው፣ እጄን አንሳ

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጥምቀት አለፈ። ዘንድሮ በዓሉ እሑድ ስለዋለ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያው ሰው በሰው ነበር። ቤት ገብቼ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ስቆጥር ከ3,000 አለፉ። ካህናቱ፣ ጃንጥላው፣ ውኃ ውስጥ የሚዘሉት ልጆች። ግራና ቀኜ ካሜራ ወይም ስልክ ያልያዘ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዛሬ ለእናቴ ጀበና ልገዛ ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ሸክላ ሻጮቹ ዳር ላይ መሬት ተቀምጠዋል። ድስቱ፣ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ማሰሮው፣ የእጣን ማጨሻው ከፊታቸው ተደርድሯል። አንዲት ወጣት እናት ልጅ አዝላ ስታልፍ አየኋት። ሸክላ ተራ ስትደርስ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነች። ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ገለጠችው። ፀሐዩ አልበረታም ነበር። አቧራም አልነበረም።

ነገሩን አውቀዋለሁ። አያቴ እኔንም እንደዚሁ ትሸፍነኝ ነበር። «እንዳያዩብኝ» ትል ነበር።

ጀበና የሚሸጡልኝ እናት እጅ ዓይኔን ያዘው። ጀበናውን በአንገቱ ይዘው፣ በሌላው እጃቸው ሆዱን አንኳኩተው ድምፁን አሰሙኝ። ሳላስበው ካሜራዬን አነሳሁ። ወዲያው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡና ፊታቸውን አዞሩ። ያቺ እናት ልጇን የሸፈነችበት አሳሳብና የእሳቸው አሳሳብ አንድ ነው። እሷ ልጇን ከእሳቸው ዓይን ደበቀች። እሳቸው ራሳቸውን ከእኔ ዓይን ደበቁ።

ካሜራውን አወረድኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ጀበናውን ገዝቼ ወጣሁ።

ማታ ይህን ደብተር ከፈትኩ። በሠርግ ፎቶ ሥራ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። ሙሽሮችን ፋሲል ግቢ ሥር ያላቆምኩበት የሠርግ ሰሞን የለም። ጎንደር ሲባል ግንቡ ነው የሚነሳው። ያ ግንብ ባለበት ከተማ ቡናችንን የምናፈላበትን ጀበና፣ ወጣችንን የምንሠራበትን ድስት የሚሠሩት ሴቶች ግን በአንድም ፎቶዬ ውስጥ የሉም። መጀመሪያ የማደርገውን ወስኛለሁ። ካሜራ ሳልይዝ እመለሳለሁ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ባዶ እጄን ሄድኩ። ጀበናውን የሸጡልኝን እናት አገኘኋቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከጎናቸው 17 ዓመት ገደማ የሆናት ልጃቸው ተቀምጣለች።

«ዛሬስ አላመጣኸውም?» አሉኝ።

«አላመጣሁም እማማ። ለመቀመጥ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ ተቀመጥ» ብለው ጆንያ አነጠፉልኝ።

ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከቤታቸው ይነሳሉ። ሸክላውን በገለባ ጠቅጥቀው በጀርባቸው ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ። ባጃጅ ለምን አትይዙም ብዬ ጠየቅሁ። መንገዱ ይነቀንቃል፤ የሚሰበረው ሸክላ ከባጃጁ ሒሳብ ይበልጣል አሉኝ።

ገዢዎቹን አየሁ። አንዳንዷ ብሩን እጃቸው ላይ አታስቀምጥም፤ ድስቱ ላይ ጣል ታደርገዋለች። አንዷ ምርቃት ሲጀምሩላት አልሰማችም መስላ ሄደች። ሰድቦ የሄደ የለም። ግን ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቡዳ የሚለው ቃል ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜም አልተነሳም። ከመካከላችን ግን አልጠፋም።

ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ልበል። በአገራችን ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ዓይኑ ሰው ይበላል የሚል እምነት ኖሯል። ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ልጅ ከታመመ፣ ላም ከነጠፈች ጣት ወደ እነሱ ይቀሰራል። በዚህ የተነሳ ከእነሱ ጋር ጋብቻ ቀርቷል፤ ብዙ ቦታ መሬትም ተነፍገው በእጃቸው ሥራ ብቻ እንዲያድሩ ሆነዋል። ከዚያ ደግሞ ሥራው ራሱ ስድብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት የሚሠራውንም፣ ሸማ የሚሠራውንም፣ አራሹንም አንስተው ስድቡ እንዲቀር አዘዙ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነጠላው ግን ባለፈው ቅዳሜም ተሳበ።

ስነሳ እማማ «ፎቶውን ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ። የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ አፌ ላይ ግን አልመጣም። «ማን እንደሠራው ሰው እንዲያውቅ» አልኩ። ዝም አሉ።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ዛሬ ወለቃ ሄድኩ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ከከተማው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማማ የወለቃ ሰው አይደሉም። እኔ ግን ይህን ሥራ ወለቃን ሳላይ መጀመር አልሆነልኝም።

ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ ከተቆረቆረች በኋላ ቤተ መንግሥቶቹን ከገነቡት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንደነበሩበት ይነገራል። እንግዲህ ሙሽሮቼን የማቆምበት ግንብ ላይ የእነሱም እጅ አለበት ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በሱዳን በኩል ወጡ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። መንደሯ ቀረች። የዳዊት ኮከብ የተሳለበት አሮጌ ጸሎት ቤትና ለቱሪስት የተጻፉ ሰሌዳዎች አሉ። ትንንሽ የሸክላ ምስሎች የሚሸጡ ሴቶች ዛሬም አሉ። እንግዳ ከጠፋ ግን ቆይቷል። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ ጦርነት።

ሰሌዳዎቹን ሁለት ፎቶ አነሳሁ። ሌላ ምንም አላነሳሁም። መንገድ ዳር የቆመች አንዲት ልጅ «ፎቶ፣ ፎቶ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። በስንት ካሜራ ፊት ቆማ ይሆን እንዲህ የተማረችው? ከባጃጁ ወርጄ ተጨዋወትን። አላነሳኋትም።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የሰማዕታት ቀን ነው። እማማ ኑ ብለውኝ ስለነበር መንደራቸው ሄድኩ። የመንደሩን ስም እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል። ይህ የመጀመሪያው ቃሌ ነው።

ቡና ተፈላ። አምስት ሴቶች ተሰበሰቡ። ሁሉም ሸክላ ሠሪ ናቸው። ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ራሳቸው አውጣው አሉኝ። አገላብጠው አዩት። አንደኛዋ በሌንሱ በኩል ልታይ ሞከረች፤ አዙሬ በትክክለኛው ጎን ሰጠኋት። ልጃቸው የሚቀየረውን ቁጥር ጠየቀችኝ፤ ምን እንደሆነ ነገርኳት።

ከሁለተኛው ስኒ በኋላ እማማ ነገሩን ቋጩት። «ፊቴን ተወው፣ እጄን አንሳ። ልጄ ፊቷን ከፈቀደች የሷ ጉዳይ ነው። እሳቱን አታንሳ፤ የእሳት ቀን ሰው አይገባበትም። የምታሳየውን መጀመሪያ ለእኛ አሳየን።» የቀሩት ሴቶች በየተራ ተናገሩ። ሁለቱ ፊታችን ይነሳ አሉ። አንደኛዋ ከነልጆቼ አለች። አንደኛዋ ጭራሽ አልፈልግም ብላ ስኒዋን አስቀመጠች።

ወረቀት አላስፈረምኩም። ብዙዎቹ አያነቡም፤ ያላነበቡት ወረቀት ላይ ጣት ማስነካት ፈቃድ አይደለም። ይልቅ በስልኬ ድምፅ ቀዳሁ። እያንዳንዷ የፈቀደችውንና ያልፈቀደችውን በራሷ ቃል ተናገረች። ድምፁን ለየራሳቸው መልሼ አሰማኋቸው። «ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ፎቶው ይጠፋል» ብዬ የራሴንም ድምፅ ጨመርኩበት።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሰኞ ዐቢይ ጾም ገባ። ጾም ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ሠርግ ሲቆም ለእኔ ጊዜ ይሆናል። ከዛሬ እስከ ፋሲካ በሳምንት ሦስት ቀን መሄድ እችላለሁ።

ዛሬ ሥራውን ከመጀመሪያው ተከተልኩ። አፈሩን ከተቆፈረበት በጆንያ ተሸክመው ያመጡታል። ይደርቃል፣ በዱላ ይወቀጣል፣ ይነፋል። ከዚያ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ተፈጭቶ ይጨመርበታል። ገል ካልገባበት ጭቃው ሲደርቅም ሲቃጠልም ይሰነጠቃል። በውኃ ታሽቶ ያድራል። መሽከርከሪያ የሚባል ነገር የለም። ጭቃው አይዞርም፤ ሠሪዋ ናት ጎንበስ ብላ የምትዞረው። እማማ አንድ ድስት ለማቆም ስንት ጊዜ እንደዞሩ ልቆጥር ሞከርኩ፤ ከ40 በኋላ ጠፋብኝ። ግድግዳውን በቅል ስባሪ ይፍቁታል። ትንሽ ሲጠጥር ከወንዝ በመጣ ለስላሳ ድንጋይ ያሹታል። አንጸባራቂው የሚወጣው በዚያ ድንጋይ ነው። የእማማ ድንጋይ የእናታቸው ነበረች። መሐሏ ጎድጉዷል።

የፎቶውን ነገር ለሙያ ጓደኞቼ ስል ልጻፍ። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበር ብቻ ነው። ፍላሽ አልተጠቀምኩም። ፍላሽ ጭቃውን እንደ ፕላስቲክ ያበራዋል፤ የሰውንም ዓይን ያስደነግጣል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 1.8፣ አይ.ኤስ.ኦ 1600፣ ፍጥነት 1/80 ሰከንድ። ከበሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ ብርሃኑ ከጎን መጥቶ የጣቶቹን መስመር ሁሉ አወጣው።

አንድ ችግር ገጠመኝ። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፍሬሙን የሚሞሉት ጥቁር እጅና ጥቁር ጭቃ ሲሆኑ ጨለመ ብሎ ብርሃን ይጨምራል። እጁ አመድ ይመስላል። ጭቃውም የደረቀ ይመስላል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን፣ በአንድ ስቶፕ (በግማሽ) ቀነስኩ። ያኔ እጁ እጅ ሆነ፤ የውኃው ወዝ ታየ። ውጭ ደግሞ ነገሩ ተገላባጭ ነው። ከኋላ ሰማይ ካለ ካሜራው በሰማዩ ይታለልና ፊትን ጥላ ያደርጋል። ያኔ ከፊት ላይ ለክቼ መጨመር አለብኝ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጧቱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከርራል። ፊት የማነሳው ከዚያ በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

46 ፎቶ መርጬ ለማሳተም ሰጠሁ። 13 በ18 ሳንቲ ሜትር። ከሰዓት ልወስድ ስሄድ ሁሉም ነጥተዋል። የልጅቷ ፊት የሷ አይደለም። የእማማ እጅ የሌላ ሰው እጅ ሆኗል። ማተሚያው ላይ የሚሠራው ልጅ «አሳምሬልህ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ቅላት ይወዳል» አለኝ። በክፋት አይደለም። ሁላችንም ያስለመድነው ነገር ነው። የሠርግ አልበም ስሠራ እኔም ስንት ሙሽራ አቅልቻለሁ።

በራሴ ወጪ እንደገና አሳተምኩ። አጠገቡ ቆሜ፣ ማስተካከያው ጠፍቶ፣ አንድ በአንድ። የመጀመሪያዎቹን 46 አልጣልኳቸውም። ምን እንደማደርጋቸው ገና አላውቅም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከገበያ መልስ ፎቶዎቹን ሰሌን ላይ ደረደርኩ። በቃሌ መሠረት መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ የወደድኩት አንድ ፎቶ ነበር። የአንደኛዋ ሴት ትንሽ ልጅ ገለባ ክምር ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል። አፍንጫው ላይ ጭቃ አለ። ከኋላው ጭስ። ዓይኖቹ በቀጥታ ሌንሱን ያያሉ። ለውድድር ብልከው ያሸንፋል ብዬ አስቤ ነበር።

እናቱ አነሳችው። ረጅም ሰዓት አየችው። «ይኼ ሸሚዝ የሥራ ነው» አለች። «ሌላ አለው። ያን ቀን ለምን አልጠራኸኝም? አለብሰው አልነበር?»

«እንዲሁ ያምራል ብዬ ነው» አልኳት።

«ለማን?»

መልስ አጣሁ። ያን ጊዜ ኮረም ትዝ አለችኝ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ተላለፈ። ዓለም አለቀሰ፤ እርዳታም ጎረፈ። ያ ምስል ሰው አድኗል፤ ይህን አልክድም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ኢትዮጵያዊ ልጅ በፎቶ ሲታይ እንዴት መታየት እንዳለበት ዓለም ወሰነ። እኛም ተማርነው። እኔም ገለባ ክምር ላይ ያ ልጅ ተቀምጦ ሳይ ጣቴ ወዴት እንደሄደ አወቅሁ። ልጁ ዕድሜ ልኩን በዚያ ሸሚዝ ሊኖር ነበር። ፎቶ ልብስ አይቀይርም።

እናቱ ፎቶውን አገላብጣ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠችው። እኔም ከካርዱ ላይ አጠፋሁት። ሌሎቹም መምረጥ ጀመሩ። ከ46ቱ 19 ወደቁ። የወደቁበት ምክንያት እኔ ከማስበው በጣም የራቀ ነበር። አንዱ ድስቱ ጠማማ ስለሆነ። «ይኼን ያየ ሰው እኔ ጠማማ እሠራለሁ ይላል።» ሌላው የሰው ጀበና ከእሷ ጀበና ጋር ስለተቀላቀለ። አንዱ ቤቱ ስላልተጠረገ። እኔ ሥዕል እያየሁ እነሱ ሥራቸውን ያያሉ።

እማማ የእጃቸውን ፎቶ ለብቻ አደረጉት። ድንጋይዋን ይዘው የሚያሹበት ነው። «ይኼ ደህና ነው። ድንጋይዋ ወጥታለች።»

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጤና የሚያጠና ጓደኛ አለኝ። የሸሚዙን ነገር ሳጫውተው ፎቶቮይስ ስለሚባል አሠራር ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካሮሊን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ የተባሉ ሁለት ሴቶች በቻይና ዩናን ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጡ። ሴቶቹ ኑሯቸውን ራሳቸው አነሱ። ከዚያ ፎቶውን መሐል አድርገው ተወያዩ፤ ለሚመለከታቸው ባለሥልጣናትም አሳዩ። ፎቶ የሚያነሳውም፣ ስለ ፎቶው የሚናገረውም ያው ባለጉዳዩ ነው።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ትናንሽ ካሜራዎች መግዛት አልችልም። ግን አንድ ያረጀ ካሜራ አለኝ፤ ሌንሱ 35 ሚሊሜትር ነው፤ ማያው ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ይሠራል። ዛሬ ለእማማ ልጅ ወሰድኩላት። አንድ ሰዓት አሳየኋት። መያዝ፣ ትንፋሽ መቆጣጠር፣ ፎከስ፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ማየት። ብርሃኑን ላስረዳት ስጀምር አቋረጠችኝ። «ጋሼ፣ ሸክላ ሲደርቅ ፀሐይ በየት እንደምትመጣ ካላወቅህ ይሰነጠቅብሃል። እሱን አውቃለሁ።»

ሰው ዓይናችሁ ክፉ ነው ሲላቸው ኖሯል። በዚያ ዓይን ምን እንደሚያዩ የጠየቃቸው ግን የለም። እኔ አሁን መጠየቅ የምፈልገው ይህን ነው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ካርዱን መለሰችልኝ። 212 ፎቶ። ሌሊት እስከ 7 ሰዓት አየሁት።

እግር ነው። ከግማሽ በላይ እግር ነው።

መጀመሪያ ካሜራው ወርዶባት ይሆን ብዬ ነበር። ከዚያ ገባኝ። ሸክላ ሻጭ መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው። ከዚያ ከፍታ ላይ ገበያው እንዲህ ነው። የኮንጎ ጫማ፣ የተወለወለ ቆዳ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የቀሚስ ጥለት፣ የነጠላ ዘርፍ። ወደ ታች የሚወርድ እጅ። ድስት የሚያንኳኳ ጣት። ድስት ላይ የተጣለ ብር። ጀበናን በጫማ ጫፍ ገፋ አድርጎ «ስንት ነው?» የሚል ሰው እግር። ይህ የመጨረሻው በሦስት የተለያየ ቀን፣ በሦስት የተለያየ ጫማ ተነስቷል። ገዢ ጎንበስ ያለባቸው ፎቶዎችም አሉ። ያኔ ፊት ይታያል። 212 ውስጥ የገዢ ፊት ያለባቸው 14 ብቻ ናቸው።

በ11 ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ፎቶ አላነሳሁም። ማንሳትም አልችልም ነበር። እኔ ቆሜ ነው የማነሳው። ዝቅ ብልም የምቀመጠው ከሻጮቹ ፊት ለፊት ነው።

ጎንበስ ካሉት መካከል አንድ አዛውንት አሉ። ጎንበስ ብለው ሳይሆን ተንበርክከው ነው፤ ምጣድ ይመርጣሉ። ልጅቷን ስለሳቸው ጠየቅኋት። «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። እናቴን ጤና ይስጥልኝ ብለው ነው የሚጀምሩት።» የሳቸውን ፎቶ ቅድሚያ ሰጥታዋለች። የተመረጡትን ስትደረድር ከላይ አስቀመጠችው።

አንድ ነገር ላይ ተነጋገርን። ገዢዎቹም ፈቃድ አልሰጡም። ለእነሱ ያደረግነውን ለገዢም ማድረግ አለብን። ስለዚህ እግርና እጅ ብቻ ይታተማል። ፊት ያለባቸውን 14ቱን ሄደን እንጠይቃለን። ያልተገኘ ይቀራል።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

የእሳት ቀን። ከሩቅ ልቆም ነበር የሄድኩት። ካሜራዬ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ሸክላውን በትንሽ እሳት ዙሪያ አሞቁት። ከዚያ ጭራሮ ተነጠፈ፤ ሸክላው አፉን ተደፍቶ ተደራረበ፤ በኩበትና በገለባ ተሸፈነ። 31 ዕቃ ነው። ለፋሲካ ገበያ የታሰበ። ድስት ከፋሲካ በፊት የሚሸጠውን ያህል በሌላ ጊዜ አይሸጥም።

እሳቱ በደንብ ሲይዝ ነፋስ ተነሳ። እኔ ነገሩን ከድምፁ ነው የተረዳሁት። ጠ! ጠ! የሚል ድምፅ። አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ነፋሱ እሳቱን ወደ አንድ ወገን ሲያደርገው ያ ጎን በድንገት ይግላል። በሸክላው ውስጥ የቀረ ርጥበት ካለ ወደ እንፋሎት ይቀየርና መውጫ ሲያጣ ይሰነጥቀዋል። እማማ በረጅም እንጨት ገለባ እየገፉ ክፍቱን ይደፍናሉ። ጢሱ ዓይናቸው ውስጥ ነው። ማንም አልጮኸም።

ሲበርድ 12ቱ ተሰብረዋል። አንዱ ትልቅ ምጣድ ነበር። አፈሩ፣ እንጨቱ፣ የሦስት ሳምንት ጎንበስ ቀና ሁሉ አብሮት ሄደ። ልጅቷ ስባሪውን በጸጥታ መልቀም ጀመረች። ገሉ ተፈጭቶ ወደሚቀጥለው ጭቃ ይገባል።

እማማ አመዱ ዳር ተቀምጠው ወደ እኔ አዩ።

«አመጣኸው ወይ?»

«ቦርሳ ውስጥ ነው እማማ።»

«አሁን አንሳ። ድስት ተወደደ የሚል ሰው ይኼን ይየው።»

አነሳሁ። ስባሪው መሐል ያሉትን እጃቸውን። ሰባት ፎቶ ብቻ። ልጅቷም አነሳች። የሷን ገና አላየሁትም።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ነገ ሆሣዕና ነው። ገበያው ሞልቷል። ፎቶዎቹን ገበያው ላይ ለመስቀል ወሰንን። አዳራሽ ልንጠይቅ አስበን ነበር። አዳራሽ ውስጥ ግን የሚገባው ፎቶ የሚወድ ሰው ነው። ልጁን በነጠላ የሚሸፍነው ሰው የሚመጣው እዚህ ነው።

በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት መካከል ሲባጎ ወጠርን። 33 ፎቶ በላስቲክ ተለብጦ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቀለ። አፈሩ፣ ዱላው፣ ድንጋይዋ፣ የበሩ ብርሃን፣ የእሳቱ ቀን ስባሪ። ፊታቸው እንዲታይ የፈቀዱት ሁለቱ ሴቶች ባዲሱ ቀሚሳቸው። ያ ልጅ በሌላው ሸሚዙ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ትንሽ ጀበና ይዞ። የእግሮቹን ፎቶዎች ልጅቷ በአንድ ረድፍ ዝቅ አድርጋ ሰቀለቻቸው። ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሐሳቡ የሷ ነው።

ብዙ ሰው አልፎ ሄደ። ይህንም መጻፍ አለብኝ። አንድ ሰውዬ «ደግሞ እነዚህን?» ብሎ አጉተመተመ። የቆመም ግን ብዙ ነው። ልጆች ጎንበስ ብለው የእግር ፎቶ ውስጥ የሚያውቁትን ጫማ ይፈልጋሉ። አንዲት ሴት የስባሪውን ፎቶ አይታ «ይኼ ሁሉ ይሰበራል እንዴ?» አለች። እማማ መለሱላት። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ሰማች። ድስት ገዛች። ዋጋ ተከራክራለች፤ ብሩን ግን እጃቸው ላይ ነው ያስቀመጠችው። ቀጣዩዋ ገዢ ድስቱ ላይ ጣለችው።

አንዱ የድንጋይዋን ፎቶ እየጠቆመ «ይኼ እጅ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ዝም አልኩ። ቃል አለብኝ።

«የኔ ነው» አሉ እማማ። ነጠላቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። ወደ ታች አልወረደም፤ ወደ ላይም አልተገለጠም።

ከሰዓት ነፋስ መጥቶ አራት ፎቶ ወሰደብን። ሦስቱ ተገኙ።

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ፋሲካ አለፈ። ከ19ኙ ዕቃ 17ቱ ተሸጠዋል። ፎቶዎቹ ለየባለቤቶቻቸው ተሰጥተዋል። ፋይሎቹን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ልጅቷ ጋ አስቀመጥኩ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ፎቶውን ልጠቀም ቢለኝ የምጠይቀው እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ ሴቶቹን ትጠይቃለች። ጭራሽ አልፈልግም ብላ የነበረችው ሴት አሁንም አልፈልግም ብላለች። አልተጠየቀችም፤ ራሷ ነች የነገረችኝ። እንዳትነሳ ደግሜ ቃል ገባሁላት።

የነጡት 46 ፎቶዎች ነገር ተወስኗል። ማተሚያው ቤት ወስጄ ከትክክለኞቹ ጎን አስቀመጥኳቸው። ልጁ ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። «እውነትም ሌላ ሰው ነው» አለ። አንድ ጥንድ ባንኮኒው ላይ ይለጠፍ ብሎ የእጆቹን ፎቶ ለመነኝ። እማማን እጠይቃለሁ።

ከሰዓት ልጅቷ ደወለች። ነገ ገበያ ነው። የሌሊቱን መንገድ ማንሳት ትፈልጋለች። ሸክላ የተሸከሙት ጀርባዎች፣ በጨለማ። እንዴት ይነሳል አለችኝ። አይ.ኤስ.ኦ 3200፣ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ፍጥነቱ 1/15፣ ክርንሽን ከጎድንሽ አጣብቂ አልኳት። ጨረቃ ስለሌለች የባትሪ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ መሬቱ ላይ። ባትሪውን ማን ይይዛል ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ እይዛለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወንዙ ማቋረጫ ጋ።